የቅናሽ ገበያና የነቢያት ጾም



የምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች የጌታችንን ልደት በዲሴምበር 25 ቀን ያከብራሉ። በማግሥቱ፣ ይኸውም በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 17 ቀን፣ በሎንዶንና በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተንና በሜልቦርን የታላላቅ መደብሮች በሮች በማለዳ ሲከፈቱ፣ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ ወደ ውስጥ ይጐርፋል። በየመስኮቱ በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከትናንት በስቲያ 100 ይባል የነበረው ካፖርት ዛሬ 60፣ 40 ይባል የነበረው ጫማ ዛሬ 20 ሆነ ይላል። ሰዎቹ ይህንን ገበያ ከገና በኋላ የሚደረግ የዋጋ ቅናሽ ብለው ይጠሩታል። ለእኛ ግን ገና ገና አልደረሰም። ልደትን የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን ስለ ሆነ፣ ከዚያች ዕለት እስከ በዓላችን 12 ቀን ይቀራል፤ ኅዳር 15 ቀን የጀመርነውም የነቢያት ጾም አልተፈጸመም። እነርሱ የበዓላቸውን ማዕድ አንሥተው ወደ ገበያ ሲወጡ፣ እኛ ገና በደጅ ቆመን የሚመጣውን እንጠብቃለን።

በስደትና በሥራ ምክንያት በእነዚያ አገሮች የሚኖሩ ምእመናን ብዙዎች ናቸውና፣ በዚህ ሰሞን ወደ ቅናሽ ገበያ መሄድ በጾም ላይ ነውር ይሆን ወይስ አይሆን ብለው የንስሐ አባቶቻቸውን ይጠይቃሉ። ጥያቄውን በቍጣ የሚመልሱ ካህናት አሉ፤ በሣቅ የሚያሳልፉትም አሉ። ሁለቱም መንገድ ለጠያቂው ነፍስ የሚጠቅም አይመስለንም። የሚቈጣው ሰው የድኻን ቤት የወጪ ሒሳብ አያውቅም፤ የሚሥቀውም የገበያን ጕልበት አያውቅም።

እንግዲህ አስቀድመን ለድኻው ቤት እንናገር። ሦስት ልጆች ያሏት እናት በሰሜን አሜሪካ ክረምት ልጆቿን ያለ ካፖርት ወደ ትምህርት ቤት ልትሰድ አትችልም። የልጅ ቁመት በየዓመቱ ስለሚጨምር የአምናው ካፖርት ለዘንድሮ አይበቃም። ይህች እናት ከጥቅምት ጀምሮ ገንዘቧን ጥቂት በጥቂት አጠራቅማ፣ የሦስቱንም ካፖርት የዋጋ ቅናሽ በሚደረግበት ቀን ብትገዛ ምን ኀጢአት ሠራች? በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ ምዕራፍ የተመሰገነችው ሴት እርሻን ተመልክታ የምትገዛ፣ ቤተ ሰዎቿም ብርድን የማይፈሩ፣ ልብስ የተዘጋጀላቸው እንደ ሆኑ ተነግሯል። መቈጠብ የሰነፍ ሥራ አይደለም። በተቻለ መጠን በአነስተኛ ዋጋ መግዛትም የባለቤት ብልኀት እንጂ ስስት ተብሎ አይጠራም። ይህንን ሳንለይ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን ገበያተኛውን ሁሉ አንድ ላይ የገሠጽን እንደ ሆነ፣ የምናሳፍረው ያችን እናት ብቻ ነው፤ ተግሣጹ የሚገባው ሰው ግን ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

ሆኖም ገበያው የተዘረጋው ለእርሷ ብቻ ብሎ አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ የሚሰጥበት ምክንያት አለው። ለበዓሉ ብሎ ያስመጣው ጌጥ፣ የመብራት ሰንሰለት፣ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት በዓሉ ካለፈ በኋላ ፈላጊ የለውም፤ እስከሚመጣው ዓመት ቢያስቀምጠው የመጋዘን ኪራይ ይበላዋል። የክረምት ልብስም ለበጋው ልብስ ቦታ መልቀቅ አለበት። እስከዚህ ድረስ ያለው ቅን ንግድ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋር ሌላ ብልኀት ተደባልቋል። ጥቂት ዕቃዎች ከገዙበት ዋጋ እንኳ ባነሰ ዋጋ በበሩ አጠገብ ይደረደራሉ፤ እነርሱን ብሎ የመጣው ሰው እነርሱ አልቀውበት ሌላውን፣ ያላሰበውን፣ ቅናሹም እምብዛም ያልሆነውን ገዝቶ ይመለሳል። ሃያ የሚባለው ዋጋ ዐሥራ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ ሳንቲም ተብሎ ይጻፋል፤ ዓይን ዐሥራ ዘጠኙን አይቶ ሳንቲሙን ይረሳልና። የተሰረዘውም የቀድሞ ዋጋ ሁልጊዜ እውነተኛ አይደለም። በአሜሪካ የንግድ ተቈጣጣሪ የሆነው ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን፣ ዕቃው በእውነት ለሽያጭ ቀርቦበት የማያውቀውን ዋጋ የቀድሞ ዋጋ ብሎ ጽፎ ቅናሽ አደረግሁ ማለት ማታለል መሆኑን በመመሪያ ደንግጓል። መመሪያ ማስፈለጉ ራሱ ነገሩ ይደረግ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ዛሬ ደግሞ ሰልፉ በመንገድ ላይ ብቻ አይደለም። በስልክ ውስጥ ገብቷል። ሰው በአልጋው ተኝቶ በእኩለ ሌሊት ይገዛል፤ ሁለት ብቻ ቀርተዋል፣ ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቷል እያለ ስልኩ ያስቸኵለዋል። ለማኅሌት ለመነሣት የሚከብደው ሰውነት ለዚህ አልከበደውም።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሰው 100 ዶላር የሚባለውን ካፖርት በ60 ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ 40 ዶላር አተረፍሁ ይላል። ካፖርቱ የሚያስፈልገው፣ ቢወደድም ባይወደድም መግዛቱ የማይቀር ከሆነ እውነቱን ነው። ነገር ግን በቤቱ ሁለት ካፖርት እያለው ስለ ረከሰ ብቻ የገዛው ከሆነ፣ ያተረፈው 40 ዶላር በየትም የለም፤ ያለው የጠፋው 60 ብቻ ነው። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን እውነተኛው ገዢ፣ ያች ሦስት ካፖርት የገዛችው እናት፣ 300 ዶላር አዘጋጅታ 180 ከፍላ 120 ዶላር በእጇ ሲቀር፣ ያ 120 ዶላር ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመናገር የፈለግነው ይህንን ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከዚያው አዳራሽ ሳይወጣ፣ ከካፖርቱ ተራ ወደ ሽቶው፣ ከሽቶው ተራ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲዞር ያልቃል። በመጨረሻ 300ውም ተከፍሏል፤ በሻንጣው ያለው ዕቃ ብቻ በዝቷል። ነጋዴው ቅናሽ ያደረገው ይህን አውቆ ነው።

ስለ ጾም የተጻፉ የጥንት መጻሕፍት በዚህ ረገድ የሚረዳን ነገር አላቸው። ሄርማስ የሚባለው፣ በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ የተተረጐመው መጽሐፍ፣ ጾመኛው በጾሙ ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቀምሶ፣ ባይጾም ኖሮ ሊበላው የነበረውን የምግብ ዋጋ አስቦ ለመበለት ወይም ለድኻ አደግ ወይም ለተቸገረ እንዲሰጥ ያስተምራል። ልብ እንበል፤ ያልተበላው ምግብ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ባለቤት አለው። ጾመን ያተረፍነውን ማታ ላይ በበለጠ ማዕድ ብንከፍለው ምንም አልጾምንም፤ የምግቡን ሰዓት ብቻ አዛወርን። እንዲሁም ያልተከፈለው ዋጋ ባለቤት አለው። በቅናሹ ያተረፍነውን በዚያው ቀን በሌላ ዕቃ ብንከፍለው ምንም አልቈጠብንም፤ የገንዘቡን መንገድ ብቻ ለወጥን። ሁለቱ ትርፎች፣ የጾሙ ትርፍና የገበያው ትርፍ፣ በአንድ ሳምንት በአንድ ቤት ይገናኛሉ። ሁለቱም በአንድ ሣጥን ቢገቡ መልካም ነው።

ሣጥን ያልነው ያለ ነገር አይደለም። እንግሊዞች ዲሴምበር 26ን የሚጠሩበት ቦክሲንግ ዴይ የሚለው ስም ሣጥን ከሚለው ቃላቸው የወጣ ነው። በዚያ ዕለት አገልጋዮች፣ ፖስታ አመላላሾችና በልዩ ልዩ ሥራ የሚላላኩ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ካገለገሏቸው ሰዎች በሣጥን ስጦታ ይቀበሉ ነበር። በ1871 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በወጣው ሕግ ቀኑ በእንግሊዝ አገር የዕረፍት ቀን ሆነ። ከዚህም በላይ ዕለቱ በምዕራባውያን ቀን አቈጣጠር የሊቀ ዲያቆናት የቅዱስ እስጢፋኖስ መታሰቢያ ነው፤ እኛ ሹመቱን ጥቅምት 17፣ ዕረፍቱን ጥር 1 ቀን እናስባለን። እስጢፋኖስ ለምን ተሾመ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶች ተዘንግተው ስለ ነበረ ማዕዳቸውን እንዲያገለግሉ ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ እርሱ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ቀኑ በስሙም በቅዱሱም የመስጠት ቀን ነበረ። ዛሬ የመውሰድ ቀን ሆኗል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2004 ዓ.ም. እ.አ.አ. የወጣ ሕግ ከ280 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱቆች በልደት ቀን እንዳይከፈቱ ከልክሏል፤ የሕጉም አሳብ ለሠራተኛው የዕረፍት ቀን እንዲኖረው ነው። ሕግ አንድን ቀን ሊጠብቅ ይችላል። የሰውን ልብ ግን ለማግሥቱ ሊያሳርፈው አልቻለም።

በመደብሩ ውስጥ ስለሚቆሙት ሠራተኞች ከተነሣ ዘንድ ጥቂት እንጨምር። በ2008 ዓ.ም. እ.አ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን፣ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ በሚገኝ አንድ ታላቅ መደብር ለቅናሽ ገበያ የተሰበሰበ ሁለት ሺህ ያህል ሕዝብ ከንጋት በፊት በሩን ሰብሮ ሲገባ፣ የ34 ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ ሠራተኛ ተረግጦ ሞተ። ይህ ከልደት በኋላ የሆነ አይደለም፤ አሜሪካውያን ከምስጋና በዓላቸው ማግሥት በሚያደርጉት ቅናሽ የሆነ ነው። ግን ረኀቡ አንድ ነው፤ ቀኑም በእኛ የነቢያት ጾም ከተጀመረ በአምስተኛው ቀን ነበር። ማንም ሰው ለመግደል ብሎ አልተሰለፈም። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ያለውን ዕቃ እንጂ ከእግሩ በታች ያለውን ሰው አላየም።

ከእኛ ልጆችም መካከል በእነዚህ መደብሮች ካሸር ሆነው፣ ዕቃ ደርድረው፣ በመኪና ማቆሚያው ቆመው የሚያድሩ ብዙዎች ናቸው። በዚያ ሳምንት ፈቃድ አይሰጣቸውም። እናቶቻቸው ስልክ ደውለው ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ ወይ ሲሏቸው የሚመልሱት ያጣሉ። ስለዚህ ገዢው ምእመን በገንዘብ መቀበያው ፊት ሲቆም፣ ከዚያ ማዶ የቆመችው ልጅ ጾመኛ ልትሆን እንደምትችል አይርሳ። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 20፣ ገዢ ሲገዛ ዕቃውን እያናናቀ፣ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው እንደሚመካ ይናገራል። ገዢ በጥንቱ ዘመን ያናናቅ የነበረው ዕቃውን ነው። ዛሬ ዋጋው በወረቀት ተጽፎ ስለሚቆይ ክርክሩ የለም፤ ቍጣው የሚወርደው በሠራተኛዋ ላይ ነው።

ይህን ስንል በአገር ቤት ያለነውን ከተግሣጹ አናወጣም። በአገራችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በግና ዶሮ፣ ቅቤና እንቍላል ከልደት በፊት ባሉት ቀኖች ይወደዳሉ፤ ካለፈ በኋላ ይረክሳሉ። ስለዚህ ከበዓል በኋላ የመጋፋት ልማድ የለንም። ነገር ግን ሌላ ልማድ አለን። ከታላቅ መደብር የተጻፈለትን ዋጋ ያለ ቃል ከፍሎ የወጣ ሰው፣ በመንገድ ዳር ጕልት ከተቀመጠችው ሴት አንድ መደብ ቲማቲም ሲገዛ ለጥቂት ብር ሩብ ሰዓት ይከራከራል። እርሷም ፀሐይ ሲከብዳትና ልጇ ሲያለቅስ ትሸጥለታለች። አባታችን አብርሃም ሣራ በሞተች ጊዜ መቃብር ሲፈልግ ኤፍሮን ዋሻውን በነጻ ልስጥህ አለው፤ አብርሃም ግን በሙሉ ዋጋ ካልሆነ አልወስድም ብሎ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። በዋጋ አልተከራከረም። ባለጠጋ ስለ ነበረ አይደለም፤ የእንግዳ መሬት ላይ የእርሱ የሆነውን ነገር በንጹሕ ገንዘብ ለመያዝ ስለ ፈለገ ነው። እኛም ከጕልቷ ሴት ስንገዛ ቅናሽ የማንጠይቅበት ቀን ቢኖረን፣ ጾመ ነቢያት ለዚህ የሚስማማ ጊዜ ነው።

ወደ ጾሙ እንመለስ። ይህ ጾም የነቢያት ይባላል፤ ከነቢያትም አንዱ አሞጽ ነው። አሞጽ በተቆዓ እረኛ የነበረ፣ የሾላ ፍሬም ይለቅም የነበረ ሰው ነው። በምዕራፍ 8 ነጋዴዎቹን የሚከስሳቸው በዓሉ መቼ ያልፍልን፣ ሰንበቱስ መቼ ያልቅልን፣ እህላችንን እንድንሸጥ እያሉ ስለሚቸኵሉ ነው። መሥፈሪያውን ያሳንሳሉ፤ ሚዛኑን ያከብዳሉ፤ ድኻውንም በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ይገዙታል። ከሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የተነገረው ይህ ነገር ለመደብሮቹ በር የተጻፈ ይመስላል፤ በዓሉ መቼ ያልፍልን የሚለው አሳብ ዛሬ የሻጩም የገዢውም ሆኗልና። ስለ አንድ ጥንድ ጫማ የሚያድረው ሰልፍ ደግሞ ከሁሉ ይረዝማል።

ጫማ ካነሣን፣ በዚሁ ጾም ውስጥ ሦስት ቀን የምንጾመው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን፣ በ10ኛው መቶ ዓመት፣ በግብፅ ስለ ተደረገው ተአምር መታሰቢያ ነው። የሙቀጠም ተራራ በምእመናን ጸሎት ከቦታው ተነሣ። ያን ጊዜ ለሊቀ ጳጳሳቱ የተገለጠለት ሰው መምህር ወይም መነኵሴ አልነበረም፤ ስምዖን የተባለ ጫማ ሰፊ ነበር። ታሪኩ ስለ ዓይኑ የሚነግረንን አንባብያን ታውቁታላችሁ፤ ዓይኑ ያሰናከለችው ሲመስለው አላዘነላትም። እኛ ያን እንድናደርግ አልታዘዝንም፤ አባቶችም ያስተማሩን የዓይንን ፈቃድ እንድንቈርጥ ነው። ነገር ግን ገበያ ሁሉ የሚገባው በዓይን በር መሆኑን ያ ጫማ ሰፊ በሚገባ ያውቅ ነበር። ዓይን ሳታይ ልብ አልተመኘም፤ የማያስፈልገን ነገር መኖሩን እንኳ ያወቅነው መስኮቱን ስናይ ነው።

በዚያ ሳምንት ደግሞ፣ ገበያው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 19 የሊቀ መላእክት የቅዱስ ገብርኤል በዓል ይውላል። በቍልቢና በየደብሩ የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚያስበው ከእሳት የዳኑትን ሦስቱን ሕፃናት፣ አናንያን አዛርያን ሚሳኤልን ነው። ናቡከደነፆር ቁመቱ 60 ክንድ፣ ወርዱ 6 ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል በዱራ ሜዳ አቆመ፤ የመለከቱ፣ የእንቢልታውና የመሰንቆው ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ እንዲሰግድ አዘዘ። ሁሉም ሰገደ። ስለ ምን? ወርቁን ስላመኑበት አይመስለንም፤ አጠገባቸው ያለው ሰው ስለ ሰገደ ነው። ሦስቱ ግን ሙዚቃው ሲሰማ ቆመው ቀሩ። የመደብሩን አዳራሽ ከዱራ ሜዳ ጋር አንድ ነው አንልም፤ እንዲህ ብሎ ማጋነን የስብከት ድካም ነው። ዳሩ ግን ሌላው ሁሉ ሲሮጥ ቆሞ መቅረት የሚባለውን ጸጋ ከእነዚያ ሕፃናት መለመን ይቻላል። ቢቻልስ ግዢውን ሁሉ እስከ ልደት ማግሥት ማቆየት ይሻላል፤ ቅናሹ በብዙ ቦታ በጃንዋሪ ወር ውስጥም ይቀጥላልና፣ ከጾም በኋላ የሚገዛ ሰው ብዙም አይጐዳም። ሥራዋ ወይም ኑሮዋ ይህን የማይፈቅድላት እናት ግን አትጨነቅ።

አሁን ከገንዘቡ ጋር የተያያዘ አንድ ከባድ ነገር አለ። ትርፉን ለድኻ ስጡ ስንል፣ እኛ የገዛነው በብድር ነው፣ ምን ትርፍ አለን የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በአሜሪካ የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በክሬዲት ካርድ ነው። በ2023ና በ2024 ዓ.ም. እ.አ.አ. የእነዚህ ካርዶች አማካይ ወለድ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነበር። 60 ዶላር የተከፈለበትን ካፖርት ዕዳ ሳይከፍሉ ሦስት ዓመት ቢያቆዩት፣ ወለዱ ብቻ በቅናሹ ተረፈ የተባለውን 40 ዶላር ይበላዋል። እንዲህ ላለው ሰው ምክራችን አጭር ነው፤ ያለ ዕዳ መግዛት ካልቻልህ አትግዛ፤ ዕዳ ካለብህም በዚህ ጾም የምታተርፈው ገንዘብ አስቀድሞ ለዕዳህ ይሁን። በሰው ገንዘብ ምጽዋት የለም። ንስሐ አባቶችም ይህን ሳይጠይቁ ቀኖና አይስጡ፤ የዕዳ ጭንቀት ስንት ትዳር እንደ በተነ በየደብሩ የሚያገለግል ካህን ያውቃል።

ዕዳ የሌለበት ግን ምን ያህል ይስጥ? እኛ በዚህ ሕግ ልናወጣ አልተነሣንም። ያች እናት ከተረፋት 120 ዶላር ከዐሥር አንዱን፣ 12 ዶላር ብትሰጥ አሥራቷን አወጣች፤ ግማሹን ብትሰጥ እጥፍ ደስታ አላት፤ ምንም ለመስጠት ባትችል ደግሞ የእርሷ ቤት ራሱ የድኻ ቤት ነውና ተቀባይ እንጂ ሰጪ አትባልም። ሁለት ካፖርት ኖሮት ሦስተኛውን የገዛው ሰው ግን በዐሥራት አይፈታም። ቂሣርያ በተራበች ጊዜ የራሱን ሀብት ለድኾች ያዋለው ቅዱስ ባስልዮስ፣ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ስለ ነበረው ባለጠጋ ሲያስተምር፣ በሣጥን ተቈልፎ ያለው ልብስ የተራቆተው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ ተናግሯል። ስለዚህ የዚያ ሰው ሦስተኛ ካፖርት ባለቤቱ በውጭ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውዬው የከፈለው የማስቀመጫውን ዋጋ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ስለ ስጦታው ዓይነት መናገር ግድ ሆኖብናል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ አገር ቤት ሲመጡ ሻንጣቸውን ሞልተው ለዘመድና ለድኻ ልብስ ማምጣታቸው እግዚአብሔር የሚወደው ልማድ ነው፤ የቅናሹም ገበያ ለዚህ ይረዳቸዋል። ነገር ግን አንዳንዴ ከሻንጣው የሚወጣው ማንም ሊገዛው ያልፈለገ፣ ቁልፉ የጐደለ፣ ቁጥሩ ለማንም የማይሆን ዕቃ ይሆናል። የረከሰው ለእነርሱ ይበቃቸዋል ተብሎ የታሰበ ነው። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን በግ ወደ መሠዊያ የሚያቀርቡትን፣ እስኪ ይህንኑ ለገዢያችሁ አቅርቡለት፣ ደስ ይለው እንደ ሆነ እዩ እያለ ይዘልፋቸው ነበር። ስለዚህ ለድኻ የሚገዛ ሰው ለራሱ ልጅ እንደሚገዛ አድርጎ ይምረጥ። በግማሽ ዋጋ የተገዛ ጥሩ ጫማ ጥሩ ስጦታ ነው፤ በሙሉ ዋጋ የተገዛ የማይረባ ጫማ ግን የማይረባ ነው።

አብያተ ክርስቲያናትም ከዚህ ገበያ የራሳቸውን ድርሻ ያገኛሉ። ምዕራባውያን በዓላቸውን ጨርሰው የጣሉትን የመብራት ሰንሰለት፣ በዓላቸው ገና ወደ ሆነው ወደ እኛ አዳራሾች በሩብ ዋጋ ማስገባት ቀላል ስለ ሆነ፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት ይህን ዕድል ያውቁታል። ምንጣፍም ሆነ የመቀመጫ ወንበር በዚያ ቀን ቢገዛ የምእመናን ገንዘብ ተጠበቀ ማለት ነው። (የፕላስቲኩን ዛፍ ግን ለሻጮቹ ብንተውላቸው ደስ ይለናል፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ቄጤማ ይበቃታል።) ሆኖም ለምእመናን የምናስተምረው ሒሳብ ለደብሩም ይሠራል። ሰበካ ጉባኤው በቅናሹ ያተረፈውን ገንዘብ ወደ ሌላ ጌጥ ሳያዞር፣ በደብሩ ስንት አሮጊት ብቻዋን ትኖራለች፣ ስንት አዲስ መጤ የክረምት ልብስ የለውም ብሎ ይጠይቅ፤ የሰባቱ ዲያቆናት ሥራ ይህ ነበርና።

የገዛውን ነገር በችኰላ መግዛቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ገና ጊዜ አለው። ብዙዎቹ መደብሮች ከነደረሰኙና ከነመለያ ወረቀቱ የመጣላቸውን ዕቃ በተወሰነ ቀን ውስጥ ተቀብለው ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ አንዳንዱ የቅናሽ ዕቃ ግን አይመለስም ተብሎ የተጻፈበት ስለ ሆነ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደረሰኙን አይጣል። ዕቃውን ሳይለብስና ሳይፈታ በቤቱ በአንድ ጥግ ያኑረው፤ በገብርኤል ዕለት አንድ ጊዜ፣ በልደት ገሀድም አንድ ጊዜ ይየው። በሁለተኛው ጊዜ ያስፈለገው ካልመሰለው ይመልሰው፤ የተመለሰለትንም ገንዘብ ወደ ኪሱ ሳያገባው በፊት ለማን እንደሚሰጠው ይወስን። በእነዚያ ቀኖች ዕቃ ለመመለስ የሚቆመው ሰልፍ ከመግዣው ሰልፍ አያንስም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ የሚደግም ሰው ቢገኝ ማንም አይከለክለውም።